ከመስመሩ በላይ የጻፍኩት አውቶቡስ

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ደቂቃውን የማስታውሰው ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ሰዓት ደጋግሜ የማይ ሰው ስለሆንኩ ነው። እናቴ በዋዜማው ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዳለች፤ እህቴ ወልዳ ስለነበር እስክትጠነክር አብራት ልትቆይ። ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ነን። እኔ ሻይ አፈላለሁ። አባቴ ሳሎን ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ፣ እንደ ወትሮው ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ራሱን እየነቀነቀ የጠዋቱን የዜናና የወቅታዊ ጉዳዮች ፕሮግራም ይከታተላል።

ሻዩን ይዤ ስገባ ሬዲዮው ዜና እያሰማ አልነበረም። ይንሿሿል። እናቴ ዕቃዋን ስትሰበስብ ማስተካከያውን ነክታው መሆን አለበት፤ መርፌው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቆሞ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አባቴ ግን ራሱን ይነቀንቃል። እንዲያውም አንዴ ቅንድቡን ሰብስቦ "እህ" አለ፣ ከባድ ወሬ እንደሰማ ሰው።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ማስተካከያውን በቀስታ ወደ ቦታው መለስኩት። የዜና አንባቢዋ ድምፅ መጣ። አባቴ መጀመሪያ ጣቴን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ።

"እናትሽ ነበረች የምትነግረኝ" አለ።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ነው፤ የማሽኖቹ መካኒክ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አጠገቡ ላለ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም ነበር ይላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በከንፈር ነበር የሚነጋገሩት። ከማሽኑ ማዶ ያለው አፉን ከፍቶ ቃላቱን ያለ ድምፅ ይሠራል፤ በዚህ በኩል ያለው ያነባል። ቀልዱም፣ ሐሜቱም፣ የምሳ ቀጠሮውም በዚህ መንገድ ይሄድ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጆሮው ቀስ በቀስ ሲደክም ማንም ያላወቀበት ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ካለ ሰው ንግግር አንድ ቃል አያመልጠውም። እኔ እንኳ አብሬው እየኖርኩ፣ ከኋላው ስጠራው የማይዞረው በሐሳብ ተውጦ ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮ ግን ከንፈር የለውም።

ነገሩ የአንድ ጡረተኛ ሬዲዮ መስማት አለመስማት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅን ነበር። አቃቂ ውስጥ ባለው ሰፈራችን፣ ከስልጤ የመጡ አንድ ነጋዴ የከፈቱት ሱቅ አለ፤ በሩ ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ተቀምጧል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጡረተኞቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አባቴ ከመሃል ይቀመጥና የዕለቱን ዜና ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ይከራከሩበታል። ይህ ልማድ ከጡረታ በኋላ የመጣ አይደለም። ፋብሪካ ሳሉም ጠዋት ሬዲዮ ሰምቶ የሚመጣው እሱ ነበር፤ በማሽኖቹ መካከል እየዞረ ዜናውን በከንፈሩ ለክፍሉ ሁሉ ያደርስ ነበር። የሥራ ልብሱን አስረክቦ፣ የመግቢያ ካርዱን መልሶ ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ይህ ቦታው ነው።

"ደንቆሮ ዜና ነጋሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ ያን ዕለት። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ጆሮው እንደማይሰማ ከታወቀ ከመሃል ቦታው ቀስ ብሎ ወደ ዳር እንደሚገፋ እርግጠኛ ነበር። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው በቃ ለሌላው ዞሮ ያወራል።

ስለዚህ የእናቴን ሥራ ተረከብኩ። መጀመሪያ በአፌ ልነግረው ሞከርኩ፤ አልሆነም። እኔ ስናገር እጄን አፌ ላይ የማደርግ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት ከሁለተኛው መደዳ በኋላ ያለ ተማሪ አንድ ነገር ሳይሰማ ነው። አሁን ቂሊንጦ ባለ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከብልቃጥና ከመዝገብ ጋር መዋል ለጠባዬ ተስማምቶኛል። አባቴ ጥቂት ታግሦ አየኝና፣ "አንቺ ስታወሪ ከንፈርሽ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ጻፊልኝ ባክሽ" አለኝ።

ጻፍኩለት፤ ከአሮጌ ደብተር በቀደድኩት ቅጠል ላይ፣ መነጽር በማያስፈልጋቸው ትልልቅ ፊደላት። አንብቦ ሲጨርስ አልተደሰተም። ተደባልቋል አለኝ። እውነቱን ነበር። ፕሮግራሙ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ነው የሚቆየው። መጀመሪያ ዜና ይነበባል፤ ቀጥሎ እንግዳ ቀርቦ ስለ አንድ ወቅታዊ ጉዳይ ይጠየቃል፤ መሃል ላይ እንደገና አጭር ዜና ይገባል፤ ከዚያ አድማጮች ይደውላሉ። የሆነው፣ የታሰበው፣ የተመኙትና ያማረሩት ሁሉ ከአንድ ሬዲዮ ነው የሚወጣው። እኔም እንደወጣ ነበር የጻፍኩት።

አባቴ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወረቀቱ መሃል ላይ አግድም መስመር አሰመረ። ፋብሪካ ሳለ የተረኛ መዝገብ እንዲህ ነበር የሚሞላው አለ። ከመስመሩ በላይ የሆነው ነገር ብቻ ይጻፋል፤ ማሽኑ ቆመ፣ ክሩ ተበጠሰ። ከመስመሩ በታች መካኒኩ ለምን ይመስለኛል የሚለው ይጻፋል።

"የታችኛውን ከላይ የሚጽፍ መካኒክ አንድ ቀን የሰው ጣት ያስቆርጣል" አለኝ።

ይህን ስሰማ ውስጤ ሞቅ አለ። በእኔም መዝገብ ውጤት ለብቻ፣ አስተያየት ለብቻ ነው። አባቴ ላብራቶሪ ረግጦ አያውቅም፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትን ግን እሱ ቅባት በነካው መዝገብ ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወረቀቴን ይዤ ሬዲዮው አጠገብ እቀመጣለሁ። ወደ ቂሊንጦ የሚወስደን የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ አስፋልቱ ላይ በአንድ ሰዓት ከሃያ ስለሚያልፍ የምሰማው የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ ነው። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነብና አጥፎ ኮቱ ኪስ ይከተዋል። ግን ወዲያው አይወጣም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሙሉውን ሰምቶ የመጣ እንዲመስል።

በሳምንታት ውስጥ እጄ ፈታ። ከሰማሁት ውስጥ አግዳሚው የቱን እንደሚፈልግ ማወቅ ጀመርኩ። ስለ ጡረታና ስለ ጤና የተነገረ ነገር ሁሉ ይጻፋል። ስለ ውሃ መጥፋትና መምጣት ይጻፋል። የውጭ አገር ጦርነት ባጭሩ። እግር ኳስ ውጤቱ ብቻ፤ ትንታኔውን ራሳቸው ያውቁበታል። አንድ ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ዳቦውን እየጠቀለሉ፣ "እህቴ፣ አባትሽ ዘንድሮ ዜናው ጠራ። ድሮ ይረዝምበት ነበር፤ አሁን ቁጭ ቁጭ አድርጎ ነው የሚነግራቸው" አሉኝ። አመሰገንኩና ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም አልኩ፤ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ዐረፍተ ነገሮች በአባቴ አፍ ሰፈሩ መሃል ይነገራሉ። ማንም እኔን ሳያይ።

ከአግዳሚው ሰዎች መካከል አባቴን የሚፈትኑት የፈተላ ክፍል አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ከአባቴ ጋር ፋብሪካ ውስጥም ሲነካከሱ ነው የኖሩት። ዜናው ደስ ካላቸው ዝም ይላሉ፤ ካላላቸው "ዛሬ ጨው ረስተሃል" ይሉታል። የቀኝ ጉልበታቸው ስለታመመ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከሰፈራችን አስፋልት ድረስ ለእኔ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ኮብልስቶኑም ለጉልበት አይመችም። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ በባጃጅ አስፋልት ወጥተው ሳሪስ ያለ ክሊኒክ ለጉልበታቸው ሕክምና ይሄዳሉ። በሄዱበት ሰኞ ማታ ሕመሙ ከሕክምናው ይልቅ ከመንገዱ ነው እያሉ ያማርራሉ።

አንድ ረቡዕ የፕሮግራሙ እንግዳ የትራንስፖርት ባለሙያ ነበር። ስለ ከተማው ዳር ሰፈሮች ሲያወራ የእኛን አካባቢ ጠራ። በአቃቂ የውስጥ ሰፈሮች የሚኖሩ አረጋውያን አስፋልት ለመድረስ እንደሚቸገሩ ተናገረ፤ አነስ ያለ አውቶቡስ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ቢመደብ የሚከለክል ነገር እንደሌለ፣ መንገዱም እንደሚችል አብራራ። ድምፁ ጎርነን ያለ፣ እርግጠኛ ድምፅ ነበር። እኔ አንድ እጄን ሹራቤ ውስጥ እያስገባሁ በሌላው እጽፋለሁ። ሰፈሬ በሬዲዮ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ "ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሰፈራችን አውቶቡስ ይመደባል።"

ከመስመሩ በላይ።

ከታች ቦታ አልጠፋም ነበር። ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ቸኩያለሁ፤ እሱ ግን ሰበብ ነው። ብዙ ቀን ቸኩዬ በትክክል ጽፌያለሁ። ያን ቀን ደስ አለኝና የፈለግሁትን የሆነ አድርጌ ጻፍኩት።

ሰኞ ዕረፍት ነበርኩ፤ እሑድ ተረኛ ስለነበርኩ በምትኩ የተሰጠኝ ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ከሱቁ ፊት፣ ኮብልስቶኑ የሚታጠፍበት ላይ፣ አግዳሚው ተነሥቶ የቆመ ይመስል ጡረተኞቹ ተሰልፈዋል። የክት ልብሳቸውን ነው የለበሱት። የፈተላው አለቃ ክራቫት አድርገዋል። በአባቴ ክፍል ሸማኔ የነበሩት እናት አዲስ ነጠላ ለብሰው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ እሳቸው የሚሄዱበት ጉዳይ የለም፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ተሳፍረው ለመመለስ ነው የመጡት። አባቴ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ሁሉም ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ያያሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምረው እዚያ ናቸው።

ዓረፍተ ነገሩ በራሴ እጅ ጽሑፍ ዓይኔ ላይ መጣ። የት ቦታ እንደጻፍኩት ጭምር።

የፈተላው አለቃ አባቴን ይዘውታል። "ይህ አውቶቡስ የት ነው ያደረው? ዜናህ ጎማው ተንፍሶ ይሆን?" አሉት። አባቴ ሬዲዮው የተናገረውን እንደተናገረ መለሰላቸው። እሳቸውም የክሊኒኩ ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ሁልጊዜ የሚወስዳቸውን ባለባጃጅ አውቶቡስ አለ ብለው አትምጣ እንዳሉት፣ ይህን ያደረጉት ደግሞ አባቴን አምነው እንደሆነ ነገሩት። የመጨረሻውን ሲናገሩ ማሾፋቸውን ትተው ነበር። አባቴ አንገቱ ሥር ቀላ።

ባለሱቁ ነገሩን ለማብረድ ብለው ይመስለኛል፣ የረቡዕ ፕሮግራም ስልካቸው ላይ ይገኝ እንደሆነ እንደሚያዩ ተናገሩና ፈልገው አወጡት። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተው ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። እኔ ዳቦዬን በፌስታል ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

ከስልኩ የመጣው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ሴት ፍራሹ ለወገብ ስለመመቸቱ ትዘፍናለች። የፈተላው አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸማኔዋ እናት ነቀነቁ። ከጎናቸው ያሉትም ነቀነቁ። አባቴም። ሴትዮዋ ዋስትና እንዳለው ስትዘፍን የፈተላው አለቃ ጣታቸውን አነሡ።

"ይኸው፣ ብሏል" አሉ። "ራሴ ሰማሁት። ይህ ዜና ነጋሪያችን ጥፋት የለበትም። አውቶቡሱ ነው የዘገየው።"

ሁሉም ተስማሙ። ሰምተናል አሉ። ባለሱቁ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። እዚያ ቦታ ላይ ዘፈኑን የሰማነው ሁለታችን ብቻ እንደሆንን የዚያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ለዓመታት መደንቆሩን የደበቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሱው ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ዓይነት ማሽን መካከል ነው የቆሙት፤ ለምንድን ነው የእሱ ጆሮ ብቻ የሚደክመው? እያንዳንዳቸው ሌላው ይሰማል ብለው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደብቀው፣ በየጠዋቱ የሚመጡት የአባቴን ከንፈር ሊያነቡ ነው።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የአባቴ ቦታ አልተነካም፤ ጥፋቱ በአውቶቡሱ ላይ ወድቋል። ማንም ሊደርስበት አይችልም። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ለማን እንደጻፍኩ መጠየቁ አይቀርም፤ የአባቴ ምስጢርም ከዚያ በኋላ የለም። ዞሬ ለመሄድ አንድ እርምጃ ተራምጃለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ያስቆመኝ የፈተላው አለቃ ከኋላዬ የተናገሩት ነው። ነገም ማልደው መጥተው እንደሚጠብቁ፣ አውቶቡስ ሲጀምር እንዲህ እንደሚያደርግ ለሌሎቹ እያስረዱ ነበር።

ነገም ሊቆሙ ነው። በዚያ ጉልበት፣ እኔ ባመጣሁት አውቶቡስ ምክንያት።

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ፊት ለፊታቸው፣ ፀሐይ ፊቴን በሚያገኝበት በኩል ሄጄ ቆምኩ። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ተሰማኝ፤ መለስኩት። ቃላቱን አንድ በአንድ አደረግኋቸው።

"ሬዲዮው አላለም። አሁን የተከፈተውም የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። ረቡዕ እንግዳው አውቶቡስ ቢመደብ ጥሩ ነው ነው ያለው። ይመደባል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

የሁሉም ዓይን ከንፈሬ ላይ ነበር። እንዲያ የታየሁበት ቀን የለም።

"ለማን ነው የጻፍሽው?" አሉ የፈተላው አለቃ።

አባቴን አየሁት። እሱም ጥቂት አየኝ። ከዚያ ኮቱ ኪስ ገብቶ የታጠፉትን ወረቀቶች አወጣ፤ የሳምንቱን ሁሉ ነበር የያዘው፤ ለፈተላው አለቃ ሰጣቸው።

"ለእኔ ነው" አለ። "ጆሮዬ ካቆመ ቆየ። እሷ ትሰማለች፣ እኔ አነባለሁ፣ ለእናንተ እነግራለሁ። እንደዚህ ነው የኖርነው።"

ከሩቅ የሚመጣ የጭነት መኪና ሰማሁ፤ እነሱ እንዳልሰሙት አሁን አውቃለሁ። መጀመሪያ የሳቁት ሸማኔዋ እናት ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"እኔስ በየቀኑ እዚህ የምመጣው እቤቴ ሬዲዮ ጠፍቶ መሰለህ?" አሉት አባቴን። "ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ቀንሺ፣ ጎረቤት ረበሽን እያሉ ይነዘንዙኛል፤ እኔ የማየው አፋቸውን ነው። አንተ አፍህ ትልቅ ነው፣ ይነበባል።"

ከዚያ ወዲያ አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ ተናዘዘ። አንደኛው የስልኩን ጥሪ የሚያውቀው ኪሱ ሲንቀጠቀጥ እንደሆነ ተናገረ፤ ሌላው ለዓመታት አባቴ ቢታመም ዜና ከየት እንደሚያገኝ ሲያስብ እንደኖረ። የፈተላው አለቃ ግን ወረቀቶቹን ያገላብጣሉ። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። የረቡዕ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የፍራሽ ነው ያልሽው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ጥሩ ፍራሽ ነው?"

"ለወገብ ይመቻል ብላለች" አልኩ። ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በዚህ ብቻ ግን አልለቀቁኝም። ሬዲዮ ላይ ሲሳሳቱ የተሳሳተው ራሱ እንደሚያርም እሳቸው ጆሮ በነበራቸው ዘመን እንደሚያውቁ ገለጹ። አባቴ "ነገ እኔ አርማለሁ" ሲላቸው ከዘራቸውን አወዛወዙ። "አንተ ምን አጠፋህ፤ የተሰጠህን ነው የነገርከን። የጻፈው ያርም። በአንድ ሰዓት እዚህ ነን" አሉ።

ቀጠሮው እንዳይቃጠል ለክሊኒኩ ደውዬ እስከ አምስት ሰዓት ከደረሱ እንደሚቀበሏቸው አረጋገጥኩ። ባጃጅ ጠርቼ አስፋልት ድረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሳሪስ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ስለተቀመጥን አላወራንም። ክሊኒኩ በር ላይ ደግፌያቸው ስንወጣ ዞረው አዩኝና ዛሬ ከንፈሬ እንደገባቸው፣ ከአባቴም ይልቅ ጥርት እንደሚል፣ ለአባቴ ግን እንዳልነግረው አሳሰቡኝ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ነገርኩት። ደስ ብሎት ራት እስኪቀርብ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

በማግሥቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደ ልማዴ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዜናውን ሰማሁ፣ ከእንግዳው ንግግር ለአግዳሚው የሚሆነውን ለየሁ፣ መስመሩን አሰመርኩ። ከዚያ ከሁሉም በላይ፣ ከመጀመሪያው ዜና በፊት፣ "እርማት" ብዬ ጻፍኩ። ለእንግዳው ያልተናገረውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ አውቶቡስ እንዳልተመደበ፣ ሰው እንዲቆም እንዳደረግሁ፣ ይቅርታ እንደምጠይቅ። አምስት መስመር ሆነ። አባቴ አነበበውና ምንም አላረመም።

አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ጉዳይ ላይ ቦርሳዬን አንግቤ ከአባቴ ጋር ወጣን። ሁሉም መጥተዋል፤ የፈተላው አለቃ ክራቫታቸውን ዛሬም አድርገዋል። አባቴ መሃል ባለው ቦታው ተቀመጠ። ማንም ወደ ዳር አልገፋውም። እንዲያውም ሸማኔዋ እናት ቦታ ለቀው አሰፉለት። እኔ ፊት ለፊት ቆምኩ። አባቴ ለአግዳሚው፣ "ከመስመሩ በላይ ያለውን ልጄ ታነባለች፤ በታች ያለው ግን የእኔ ነው፣ እሱን ለማንም አልሰጥም" አለ።

እርማቱን አነበብኩ። ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ፣ በየዐረፍተ ነገሩ ቀና እያልኩ፣ ለሁሉም እንድታይ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርኩ። የፈተላው አለቃ ሲያልቅ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህኛው የእውነት ሰምቻለሁ የሚል ነበር። ከዚያ ዜናውን ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ፤ የሰማነው እኔና ባለሱቁ ነን። ለዘገየ ሰው የሚደውለው የሰርቪሱ ሹፌር ነው። አንድ ዜና ይቀረኛል። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዘጋ። እኔ የመጨረሻውን ዜና ሳልቸኩል አንብቤ ጨረስኩ፣ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠሁትና ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።